ማንኪያው በስተቀኝ

የማስታወቂያ ክፍላችን ልጅ ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ወረቀት አስቀመጠና፣ «እትዬ፣ የፊደል ግድፈት ካለው ብቻ ይዩልኝ፤ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል» አለኝ። ድርጅታችን ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። በአሥራ ዘጠኙም ቅርንጫፎቻችን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ታሪክ ነው የጻፈው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግድፈት የለበትም። «ሁሉም ነገር የጀመረው በአንድ ወርቃማ ምላስ ነው» ይላል የመጀመሪያው መስመር። ወርቃማው ምላስ የአባቴ ምላስ መሆኑ ነው።

መነጽሬን አወለቅሁ። ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላት ሴት ሆኜም መስመሩን እንደ ልጅ በጣቴ እየተከተልኩ ደገምኩት።

«ታሪክ ነው የጻፍከው ወይስ ማስታወቂያ?» አልኩት።

«ሁለቱም ነው እትዬ» አለ። መቼም አይዋሽም።

«በል ሂድና ከሰዓት ተመለስ» አልኩት። እሱ ሲወጣ እኔ ወረቀቱ ላይ እንዳፈጠጥኩ ቀረሁ።

እኔ የማውቀው ታሪክ ሌላ ነው። ያኔ እኔ ስምንት ዓመቴ፣ ቤቱ ሦስት ዓመቱ። ቅርንጫፍ ብሎ ነገር የለም። አንድ ምግብ ቤት ነው፤ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ፣ መንገዱን የሚያሳይ ትልቅ መስታወት፣ ከባንኮኒው ጀርባ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤቱ ጥግ ወደ ፎቅ የሚወጣ የእንጨት ደረጃ። ፎቁ ላይ ያሉት ሁለት ክፍሎች መኖሪያችን ነበሩ። ሾርባችን እንደማንም ሾርባ ነው፣ እንቁላላችንም እንደማንም እንቁላል። ሰው የሚመጣው ለቡናው ነበር።

ሕንጻው የአባዬ ሸሪክ ንብረት ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ኮቴው የማይሰማ ሰውዬ። አባዬን ለሰው ሲያስተዋውቅ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «ግድግዳው የኔ፣ ምላሱ የሱ» ይላል። ውላቸውም ይኸው ነበር፤ አንዱ ቤት አመጣ፣ አንዱ ምላስ። እኔና ሠራተኞቹ በሌለበት «ጋሼ ግድግዳ» እንለው ነበር።

የቤቱ ደንብ ደግሞ እንዲህ ነው። ጠዋት በሩ ከመከፈቱ በፊት የመጀመሪያው ማንቆርቆሪያ ቡና ይፈላል። ከሱ አንድ ሲኒ ተቀድቶ ለአባዬ ይቀርባል። አባዬ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ባንኮኒው ጋ ይቆምና፣ ውጭ የተሰለፈው ሰው በመስታወቱ እያየው አንድ ጊዜ ፉት ይላል። ከወደደው «ክፈቱ!» ነው። ካልወደደው «ይደፋ!» ይላል፣ ያ ሁሉ ቡና ይደፋና እንደገና ይፈላል። «ይደፋ» የተባለ ቀን ውጭ ያለው ሰው ያጨበጭባል። ግማሽ ሰዓት ተጨማሪ ብርድ ላይ ሊቆም ነው እኮ፣ እሱ ግን ያጨበጭባል! የሰው ነገር። የቤታችን ስም የወጣው በ«ክፈቱ» ሳይሆን በ«ይደፋ» ነው።

ያን ዓመት አባዬን ትኩሳት ጣለው። አይተርፍም ሲባል እኔን አክስቴ ወሰደችኝ። ሦስት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ አባዬ ድኗል፤ ከስቷል፣ ሸሚዙ ሰፍቶታል፣ ግን ድኗል። የዳነ ሰው ያለበት ቤት ደስ ይላል ብዬ ነበር የመጣሁት። የጠበቁኝ ግን እኔ ስገባ ወሬ የሚያቋርጡ ሁለት ሰዎች ናቸው።

«ማንም እንዳያውቅ፣ በሞቴ» ትላለች እማዬ።

«እሱ ያወቀ ቀን አለቀልኝ» ይላል አባዬ።

እኔን ሲያዩ፣ «ነይ የኔ እናት፣ ምሳሽን ብዪ» ይሆናል።

ሲኒውም ተቀየረ። ድሮ አስተናጋጁ ነበር ለአባዬ የሚወስድለት። አሁን እማዬ ራሷ ነች የምትቀዳው። ቀድታም ዝም ብላ አትወስድም። ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ግራ ቀኝ ታያለች፣ በማንኪያ ትጨልፋለች፣ አፏ ውስጥ ታንከባልለዋለች፣ ከዚያ መታጠቢያው ላይ ትተፋዋለች። ማንኪያውን ጠርጋ ሳህኑ ላይ ታስቀምጥና ሲኒውን ይዛ ትወጣለች። አባዬም ሲኒውን ከማንሳቱ በፊት ዓይኑን ሳህኑ ላይ ጣል ያደርጋል። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ይህን ስንት ጠዋት አየሁት! ለምን እንደሆነ ግን ልገምት አልቻልኩም።

የገለጠችልኝ ሬዲዮ ናት፣ ሳታስበው። ሬዲዮ የማድ ቤታችን ሠራተኛ ናት፤ ከገባች እስክትወጣ አፏ ስለማይዘጋ ነው ስሙን ያወጣንላት። አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት እየከተፈች ስለ አንድ ንጉሥ ታወራኛለች።

«ጠላቱ ብዙ ነው። ስለዚህ ቀማሽ አለው። ቀማሹ ሳይቀምስለት ውሃ አይጠጣም።»

«ለምን?»

«መርዝ ቢያደርጉበትስ? ቀማሹ ድፍት ይላል፣ ንጉሡ ይተርፋል።»

«ቀማሹ ቢተፋውስ?»

«ብልጥ ቀማሽማ ይተፋዋል። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ምላስ ከነካ ነክቷል።»

«መርዝ ምን ምን ይላል?»

«እኔ ምኑን አውቄ፣ ቀምሼ አላውቅ!» ብላ ሳቀች። «መራራ ነው ይላሉ። አንዳንዱ ደግሞ ምንም አይልም፤ ውሎ አድሮ ነው የሚይዝ። ወይኔ ዓይኔን! ሂጂ ከዚህ፣ ሽንኩርቱ አንቺንም ያነድሻል።»

ሽንኩርቱን ማን አየው፣ እኔ ክው ብዬ ቀርቻለሁ። እማዬ የአባዬ ቀማሽ ናት ማለት ነው። አባዬን ሊገድለው የሚፈልግ ሰው አለ ማለት ነው። ማንም እንዳያውቅ የሚሉትም ይህንኑ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልፈራ የኖርኩበት ቤት በአንዴ አስፈራኝ፤ ደረጃው፣ መጋረጃው፣ ማንቆርቆሪያው ሳይቀር።

ገዳዩን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። አባዬ ቡና የሚቆላው በጓሮ ባለችው ጨለም ያለች ክፍል፣ በእጅ በሚዞር በርሜል ነው። ሁሌም ይጨሳል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን የማረር ሽታው ከመንገዱ ማዶ ይጣራል። ሮጬ ገባሁ። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጆሮውን ወደ በርሜሉ ዘንበል አድርጎ ቡናው ሲንጣጣ ያዳምጣል። እኔን ሳል ሊገድለኝ ነው፣ እሱ እቴ፣ ምንም። ዞር ስል ጋሼ ግድግዳ ከኋላዬ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አልሰማሁም።

«ወንድሜ፣ እያረረ እኮ ነው። አይሸትህም?»

አባዬ ሳይዞር፣ «ጠቆር እንዲል ፈልጌ ነው» አለ።

«ጠቆር?»

«አዲስ ነገር እየሞከርኩ ነው።»

ጋሼ ግድግዳ ፈገግ ብሎ፣ «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» አለና ወጣ። ተረቱን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። የያዝኩት «ይጥሉሃል» የምትለዋን ብቻ ነው። አባዬን ብድግ አድርጎ በመስታወቱ ሲወረውረው ታየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ግድግዳ ሲመጣ ጠረጴዛ ሥር እገባ ነበር።

ዛሬ ሳስበው ሰውዬው ምን በደለ? ሕንጻውን በአንድ ሰው ምላስ ላይ የጣለ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ አፍንጫው ሥር ቡና ሲያርር አይሰማውም። እኔ ብሆን በማግስቱ ነበር አፍጥጬ የምጠይቀው። ግን ያኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ እማዬ ማስመለስ ጀመረች።

በየጠዋቱ ነው። ሲኒውን ለአባዬ አድርሳ ስትመለስ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ጓሮ ትሮጣለች። ፊቷ አመድ መሰለ። ምግብ ስታይ ዞር ትላለች። «ውሎ አድሮ ነው የሚይዝ» ብላኝ የለ ሬዲዮ? ያዛት። እናቴ ዓይኔ እያየ እየሞተች ነው፣ አባቴ ደግሞ ዝም ብሎ ያያል፤ አንዳንዴ እንዲያውም ፈገግ ይላል። ሬዲዮ ጭምር ትስቃለች። ያን ሰሞን ሁሉንም ጠላኋቸው።

እማዬ ወንድሜን አርግዛ ነበር። ያኔ ጠዋት ጠዋት ያስመልሳት የነበረው ልጅ ዛሬ ዋና ሥራ አስኪያጃችን ነው፤ ስብሰባ ላይ አሁንም አንዳንድ ሰው ያቅለሸልሻል። ግን ለስምንት ዓመት ልጅ ማን ይነግራል እንዲህ ያለውን።

አንድ ማለዳ እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ ጠራችኝ። መታጠቢያውን ተደግፋለች። ማንኪያውን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«የኔ ልጅ፣ እኔ አልቻልኩም፤ ገና ሲሸተኝ ይገለብጠኛል። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ምን?»

«የምትቀምሺው። ትንሽ ብቻ። አፍሽ ውስጥ አንከባልዪውና ትፊው። ጥሩ ከሆነ ማንኪያውን በስተቀኝ፣ መጥፎ ከሆነ በስተግራ። አባትሽ አይቶ ያውቃል።»

«መጥፎ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ታውቂዋለሽ፣ አታጪውም» አለች፣ እየተናነቃት። «ለማንም እንዳትናገሪ። ለማንም! ጋሼ ካወቀ አባትሽ አለቀለት። ሰማሽ?»

ሰማሁ። ደህና አድርጌ ሰማሁ። እማዬ አልቆባት ተራው የኔ ደረሰ ማለት ነው። እናቴ በገዛ እጇ ለአባቴ እንድሞትለት ሾመችኝ። አልተናደድኩባትም፣ ይህን ልብ በሉልኝ። አባዬን እወደው ነበር፤ ትንሽ ነኝ፣ አዲስ ልጅ መውለድ ይችላሉ፣ አዲስ አባት ግን ከየት ይመጣል? እንዲህ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ስድስት ሳምንት ቀመስኩ። ፍርሃቴን እንዴት ልንገራችሁ? ማታ ስተኛ በነጋታው የምለብሰውን ጥሩውን ቀሚሴን ወንበር ላይ አዘጋጃለሁ፣ ሳያምርብኝ እንዳልሞት። የፀጉር ሪቫኖቼን ለሬዲዮ ሰጠኋት። «ምን ነው ልጅቷ፣ ልትመንን ነው እንዴ!» ብላ ስቃ ተቀበለችኝ። ጠዋት እቀምሳለሁ፣ እተፋለሁ፣ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ እስከ ሃያ እቆጥራለሁ። ቀስ እያልኩ። ራሴን ካላዞረኝ፣ ምላሴ ካልደነዘዘ፣ ማንኪያውን በስተቀኝ አስቀምጣለሁ። አስተናጋጁ በመጋረጃው በኩል፣ «ኧረ ቀዘቀዘ! ሕዝቡ በሩን ሊሰብረው ነው!» ይለኛል። እሱን የጨነቀው ሕዝቡ ነው።

ከዚያ ትምህርት ቤት ሄጄ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ መሞቴን እጠብቃለሁ። አስተማሪዋ፣ «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጪው?» ስትለኝ፣ «ብርድ ነው» እላለሁ። ሁለተኛው ደወል ሲደወል ብቻ ነው ነፍሴ መለስ የምትል።

አሁን ጉዱን ያያችሁት ይመስለኛል። እማዬ መጥፎ ስትል መጥፎ ቡና ማለቷ ነበር፤ ያረረ፣ የቆየ፣ የተበላሸ። እኔ ደግሞ መጥፎ ያልኩት መሞቴን ነው። ጣዕሙንማ ምን አውቄው፤ ለስምንት ዓመት ልጅ ቡና ሁሉ መጥፎ ነው። ስላልሞትኩ በየቀኑ ማንኪያው በስተቀኝ! በየቀኑ «ክፈቱ!» ጢስ ጢስ የሚለውም ተከፈተ፣ እንደ እጣቢ የቀጠነውም ተከፈተ፣ ቆጥሬ እስክጨርስ የቀዘቀዘውም ተከፈተ። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድ «ይደፋ» አልተሰማም። ሰልፉ አጠረ። የሚያጨበጭብ ጠፋ። ጋሼ ግድግዳ ደግሞ በየጠዋቱ እየመጣ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ አባዬ ሲጠጣ ፊቱን ያጠናል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። አባዬና እማዬ ሲፈሩት የነበረው፣ የባቡር ጣቢያው ሰዎች የሚመጡበት ቀን ደረሰ።

ሦስት ነበሩ፤ አንደኛው ከዘራ የያዙ ሽማግሌ። ጣቢያው ውስጥ ምግብ ቤት ሊከፍቱልን ነው፣ ዕቃውን ሁሉ እነሱ አቅርበው። ጋሼ ግድግዳ ደግሞ በበኩሉ ሕንጻውን አስይዞ የሚፈርመው ወረቀት አለ። አባዬ ጠዋት ሲቀምስ በዓይናችን እንይ ብለው ነው በማለዳ የመጡት። እማዬ ፎቅ ተኝታለች። ሬዲዮ ለእንግዶቹ ወንበር ታቀርባለች። እኔ ቀሚሴን ለብሼ ማድ ቤት ውስጥ ነበርኩ። የአባዬ ሲኒ ተቀድቶ ጠርዙ ላይ ተቀምጧል። ማንኪያውን ላነሳ ስል መጋረጃው ተገለጠና ከዱቄት ጆንያው ጀርባ ተወሸቅሁ።

ጋሼ ግድግዳ ነው። ብቻውን። ግራ ቀኝ አየ፣ ልክ እንደ እማዬ። ከኪሱ የተጠቀለለች ወረቀት አወጣ። ፈታት። ነጭ ነገር ነው። ከላዩ ቆንጠር፣ እንደገና ቆንጠር አድርጎ ሲኒው ውስጥ ጨመረና አማስሎ ወጣ። ኮቴው አልተሰማም።

ሲኒው ጋ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ጨለፍኩ፣ ቀመስኩ። ልዩ ነው! ከስድስት ሳምንቱ ቡና ሁሉ ልዩ ነው፤ ምላሴን ቆነጠጠኝ። ትክክለኛው መርዝ ይሄ ነው አልኩ። ማንኪያውን በስተግራ ላስቀምጥ? ግን አባዬ በስተግራ ቢሆንም እኮ አንድ ጊዜ ፉት ማለቱ አይቀርም፤ ሰው እያየው ነዋ። ምላስ ከነካ ደግሞ ነክቷል። ልድፋው? ብደፋው ይቀዳና ሌላ ይጨምርበታል። ከውጭ የጋሼ ግድግዳ ድምፅ፣ «ሲኒው የት ቀረ?» አለ። የስምንት ዓመት ልጅ ያላት አንድ መንገድ ነው። ሲኒውን አንስቼ ጠጣሁት። እየተናነቀኝ፣ ጉሮሮዬን እያቃጠለኝ፣ እስከ አተላው።

ባዶውን ሲኒ ይዤ መጋረጃውን ገለጥኩ። አባዬ ባንኮኒው ጋ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ቆሟል። ሦስቱ እንግዶች ተቀምጠዋል። መስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን የለጠፉ ሰዎች አሉ።

«ጠጣሁት አባዬ» አልኩ። «ሁሉንም ጠጣሁልህ። አሁን አትሞትም።»

ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምን አልሽ? ምን ጠጣሽ?» አባዬ ባንኮኒውን ዞሮ መጣ።

«መርዙን! እሱ ነው! በዓይኔ አይቻለሁ፣ ነጭ ነገር ጨመረበት!» ጣቴን ቀሰርኩ። «እማዬንም መርዟታል! በየቀኑ ታስመልሳለች!»

የጋሼ ግድግዳ ፊት እንደ ኖራ ነጣ። «ጨው ነው!» አለ፣ ወረቀቷን እያወጣ። «በልጆቼ እምላለሁ፣ ጨው ነው! ኑ ቅመሱት!»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ። «ጨው ቡና ውስጥ ለምን ይጨመራል?»

ጋሼ ግድግዳ አባዬን ብቻ አየው። አባዬም አየው። እኔ ማንንም አልሰማም ነበር፤ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አየር አጠረኝ፣ ምላሴ ደነዘዘ፣ ይኸው መጣ እያልኩ ነው። እማዬ በደረጃው ወርዳ መጋረጃው ጋ ስትደርስ አየኋት፣ አፏን በእጇ ይዛ።

አባዬ ተንበርክኮ ፊቴን በሁለት እጁ ያዘ። «የኔ እናት፣ ጨው ነው። ማንም አልመረዘሽም። ስሚኝ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው በየቀኑ የምቀምስልህ?» ብዬ ጮህኩ። «እንድሞትልህ አይደለም? ቀማሽ አይደለሁም? በየቀኑ ሃያ እየቆጠርኩ፣ በየቀኑ እሞታለሁ እያልኩ...»

የአባዬ እጅ ፊቴ ላይ ደረቀ። «በየቀኑ?» አለ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረ። እማዬ እያለቀሰች ነበር። «እኔ ምን አውቄ» አለች፣ «እኔ ምን አውቄ ልጄን...»

በዚያች ቅጽበት አባዬ ማምለጥ ይችል ነበር። ልጄ ትኩሳት ይዟታል ብሎ ብድግ አድርጎ ወደ ፎቅ ቢወስደኝ ኖሮ ማን ይጠይቀዋል? ከመፈረሙ በፊት በጨው ሊፈትነው የሞከረው ሸሪኩ ፊት ለፊቱ ቆሟል፣ እንግዶቹ ተቀምጠዋል፣ ሕዝቡ በመስታወት ያያል። ቤታችን፣ ፎቁ፣ ስሙ፣ ሁሉም በዚያች ዝምታ ላይ ነበር የተንጠለጠለው። እሱ ግን የኔን መንቀጥቀጥ ነው ያየው።

«የምትቀምሺልኝ መርዝ ፈርቼ አይደለም» አለኝ፣ ሁሉም እየሰማ። «እኔ መቅመስ ስለማልችል ነው። ያ ትኩሳት ምላሴን ይዞት ሄደ። አፍንጫዬንም። ስድስት ወር አለፈኝ ምንም ነገር ምንም ካላለኝ። እናትሽ ናት ስትቀምስልኝ የኖረችው። የደበቅነው ይህን ነው።»

«ውሸትህን ነው» አልኩት። ወላጆች ለሚሞት ልጅ ይዋሻሉ፣ ይህን ሬዲዮ ነግራኛለች።

አባዬ ተነሳ። ከማንቆርቆሪያው ሲኒዬን ሞላው። ከጋሼ ግድግዳ እጅ ወረቀቷን ወሰደ፣ ሰውዬው አልከለከለውም። የቀረውን ጨው በሙሉ፣ ጥቅሏን አራግፎ፣ ሲኒው ውስጥ ገለበጠው። አማሰለው። ከዚያ ዓይኔን እያየ ጠጣው። አንዴም ሳያቋርጥ፣ እስከ አተላው።

ፊቱ ቅንጣት አልተለወጠም። ቅንድቡ እንኳ አልተነሳም። ሬዲዮ ለሱ ፊቷን አጨማደደች፤ እሱ ግን ውሃ የጠጣ ሰው ነበር የሚመስለው። ያን ጊዜ አመንኩት። ጋሼ ግድግዳም ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

«አየሽ?» አለ አባዬ፣ አጠገቤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ። «አሁን አንድ ላይ ጠጥተናል። በይ ቁጠሪ፣ አብረን እንጠብቅ።»

ቆጠርን። እኔ እየተንሰቀሰቅኩ፣ እሱ እጄን ይዞ፣ ቀስ እያልን እስከ ሃያ። አስተናጋጁ ግራ ገብቶት ሃያ ላይ ስንደርስ በሩን ከፈተው። ያለ «ክፈቱ» የተከፈተበት የመጀመሪያ ቀን ያ ነበር።

የጣቢያው ሰዎች ሳይፈርሙ ሄዱ፤ ቦታውን ለሌላ ሰጡት። ሽማግሌው ሲወጡ ራሴን ዳበስ አድርገው፣ «እንዲህ ያለ ጠባቂ ለኔም በሰጠኝ» አሉ፤ የሰሙትንም ለማንም እንደማይነግሩ ለአባዬ ቃል ገቡለት። ከዚያ ሦስት ቀን ተቀምጠን ጠበቅን። እማዬ ዕቃችንን ሸክፋ ጨርሳ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ግድግዳ ወደ ፎቅ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮቴውን ሰማሁት፤ ሆነ ብሎ እየረገጠ ነው የመጣው፣ እንዳልደነግጥ።

አባዬን ሳይሆን እማዬን አየ። «ከትኩሳቱ ወዲህ ‹ይደፋ› የተባለው ሁሉ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«የመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታትስ?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ጋሼ ግድግዳ ለረጅም ጊዜ አየኝና፣ «እሱማ ያስታውቅ ነበር» አለ። እማዬ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ወደ ጓሮ ሮጠች። «ከወለደች በኋላ ትቀጥላለች» አለ ለአባዬ። «እስከዚያ ግን በእግዜር፣ ይህችን ልጅ ቡና አታስቀምሷት።» ውሉ በዚያው ጸና። ውጭ ያለው ሰው ግን ምንም እንዳይሰማ ተስማሙ፤ ሕዝቡ የለመደው ባንኮኒው ጋ የሚቆመውን ነጭ ሸሚዝ ነው። አባዬ እስኪሞት ድረስ «ክፈቱ»ም «ይደፋ»ም እያለ ኖረ፣ እማዬ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ። ወርቃማው ምላስ የሷ ነበር። ዛሬ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ አዲስ ቅርንጫፍ እሷ ቡናውን ሳትቀምስ አይከፈትም፤ ሠራተኞቹ የሚመስላቸው ግን ለክብሯ ነው።

ከሰዓት ልጁ ተመለሰ። «አገኙበት እትዬ?»

«አንድ ግድፈት» አልኩት። «‹በአንድ ወርቃማ ምላስ› የሚለውን ሰርዘህ ‹በአንዲት ሴት ምላስና በአንድ ሰው እውነት› በል።»

ግራ ገብቶት ጻፈ። ከዚያ፣ «ታች ላይ ክፍት ቦታ አለ» አለ። «ደንበኞች ሁሌም ማንኪያው ለምን በስተቀኝ እንደሚቀመጥ ይጠይቃሉ። ሠራተኞቹም አያውቁትም፣ የቤቱ ደንብ ነው ብቻ ነው የሚሉት። ምን ልበል?»

እስክሪብቶውን ተቀብዬ ራሴ ጻፍኩት፦ «ማንኪያው በስተቀኝ ከሆነ አትፍሩ፤ ከእናንተ በፊት የቀመሰላችሁ ሰው አለ።»

አነበበውና ራሱን አከከ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ‹አትፍሩ› ሲባል እኮ ሰው ይፈራል።»

«ትንሽ ቢፈሩ ምን ይሆናሉ» አልኩት። «እኔ ስድስት ሳምንት ፈርቼላቸዋለሁ።»